ፕሬድኒሶሎን ሲታዘዝልዎ፦ ከመጀመሪያው ፍሬ እስከ መጨረሻው

ማዘዣው ላይ ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታዞን፣ ሃይድሮኮርቲዞን ወይም ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚል ካለ፣ የታዘዘልዎ ኮርቲኮስቴሮይድ ነው። በአጭሩ ስቴሮይድ ይሉታል። በዚህ መድኃኒት ዙሪያ ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥማል። አንዱ "አጥንት ይበላል፣ ያሳብጣል" ሲባል ሰምቶ ሳይጀምረው ይተወዋል። ሌላው ቶሎ ስላሻለው ብቻ ያለ ማዘዣ እየገዛ ይውጠዋል። ሁለቱም ይጎዳሉ። ስቴሮይድ ሕይወት የሚያተርፍ መድኃኒት ነው። ጉዳቱ የሚከፋው ለምን እንደሚወሰድ ሳይታወቅ ሲጀመር፣ ይበልጡን ደግሞ ሐኪም ሳያውቅ ድንገት ሲቆም ነው።

ከወዲሁ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጂም ቤት ጡንቻ ለማሳደግ የሚወሰደው ስቴሮይድ ሌላ ነው። እሱ ከወንድ ሆርሞን ወገን ነው። እዚህ የምናወራው እሱን አይደለም።

1. ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ይወቁ

በሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ አድሬናል የሚባሉ ትንንሽ እጢዎች አሉ። በየቀኑ ኮርቲዞል የተባለ ሆርሞን ያመነጫሉ። ኮርቲዞል የደም ግፊትና የደም ስኳር ከልክ በላይ እንዳይወርዱ ይጠብቃል። ስንታመም ወይም ስንጎዳ መጠኑ ይጨምራል። ጠዋት ልንነቃ ስንል ከፍ ይላል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ዝቅ ይላል። እጢዎቹን "አምርቱ፣ ይበቃል" እያለ የሚያዛቸው አንጎል ነው።

ስቴሮይድ መድኃኒቶች የዚህ ኮርቲዞል ዘመዶች ናቸው። ጤነኛ ሰው በቀን የሚያመነጨው ኮርቲዞል ከ5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ጋር ይቀራረባል። አስም የተነሳበት ትልቅ ሰው ግን በቀን 40 ሚሊ ግራም ሊታዘዝለት ይችላል። ሰውነት ከለመደው ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

መድኃኒቱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ከአንድ ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይጣመራል። ከዚያ ወደ ሕዋሱ እምብርት ያልፋል። እዚያ ሰውነት እንዲቆጣ፣ እንዲያብጥና እንዲቀላ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮች የሚመረቱባቸውን ጂኖች ዝም ያሰኛል። ይህ ሰዓታት ይፈጃል። በመርፌ ቢሰጥም ወዲያው አይሠራም። አስም ሲነሳ መጀመሪያ ሳልቡታሞል ፓፍ (በአፍ ተስቦ የአየር ቧንቧን ቶሎ የሚከፍት መድኃኒት) የሚሰጠው ለዚህ ነው። ከባድ አለርጂ ትንፋሽ ሲያሳጥርና ደም ግፊት ሲጥልም ቀዳሚው መድኃኒት አድሬናሊን መርፌ ነው። ስቴሮይዱ ከኋላ የሚመጣ ረዳት ነው።

መድኃኒቱ በሰው ላይ መጀመሪያ ያሳየው ውጤት ራሱ ብዙ ያስተምራል። በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሜዮ ክሊኒክ፣ ዶክተር ፊሊፕ ሄንች በከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም መራመድ ላቃታት ወጣት ሴት ኮርቲዞን ሰጡ። በቀናት ውስጥ ተነስታ ተራመደች። ሄንች፣ ኬንዳልና ራይክስታይን በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ሕሙማን ላይ ግን ጎንዮሽ ጉዳቱ መታየት የጀመረውም በዚያው ሰሞን ነው። ተአምሩና ጉዳቱ አብረው ነው የመጡት።

2. "ለምን ታዘዘልኝ? ለስንት ቀን?" ብለው ይጠይቁ

ሳይጠይቁ ከሐኪሙ ክፍል አይውጡ። መልሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ይወስናል።

ለአስም ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ነው። እንዲህ ያለው አጭር ሕክምና አልፎ አልፎ ከሆነ ብዙም አያሳስብም። ለሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም)፣ ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ኩላሊታቸው ፕሮቲን እያፈሰሰ ለሚያብጡ ልጆች ግን ሳምንታትና ወራት ይሄዳል። ለአንዳንድ የደም ካንሰሮች ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይሰጣል። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ነርቩ በድንገት ሲቆጣ እጅና እግሩ ሽባ እንዳይሆን የሚያድነው ፕሬድኒሶሎን ነው። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል ይህን ሕክምና ለረጅም ዘመን የሰጠ ቦታ ነው። ያለጊዜዋ ምጥ ለመጣባት እናት የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን መርፌ ደግሞ የፅንሱን ሳንባ ያበስላል።

አንድ መድኃኒት በትክክለኛው ሰው ላይ ካልሆነ እንደማይጠቅም በኮቪድ ጊዜ በግልጽ ታይቷል። በእንግሊዝ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለው ጥናት በሰኔ ወር 2020 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲያሳውቅ፣ በቀን 6 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት ሕሙማን መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ምንም ጥቅም አላስገኘም። ጉንፋን በያዘን ቁጥር "ዴክሳ ውጋኝ" ማለት ትርጉም የለውም የምለው ለዚህ ነው። ለመወፈር ብለው የሚውጡትም አሉ። የሚጨምረው ጤና አይደለም፤ ውኃና ስብ ነው። ጡንቻው እንዲያውም ይሳሳል።

3. ከመጀመርዎ በፊት እነዚህን ለሐኪም ይናገሩ

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጨጓራ፣ የዓይን ግፊት፣ የአእምሮ ሕመም ካለብዎ ወይም ከነበረብዎ ይናገሩ። እርጉዝ ከሆኑም እንዲሁ። ቲቢ ታመው የሚያውቁ ወይም ቤትዎ ውስጥ የቲቢ ሕመምተኛ የነበረ ከሆነ አይደብቁ። ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም የተኛው ቲቢ ሊነሳ ይችላል። የጉበት ቫይረስም፣ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ፣ እንዲሁ ይቀሰቀሳል። ረጅም ሕክምና ከሆነ አስቀድሞ መመርመር ይሻላል።

አሁን ብዙዎች የማያውቁት ነገር። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትል አለ። በባዶ እግር ከአፈር ይገባል። ምንም ሳያሳይ አንጀት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሊኖር ይችላል። ሰውየው ስቴሮይድ ሲጀምር ግን በፍጥነት ተራብቶ መላ ሰውነቱን ሊወር፣ ሊገድለውም ይችላል። ይህን በተለይ አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ እስራኤል ወይም ዐረብ አገር ላላችሁ እላለሁ። እዚያ ያለው ሐኪም ልጅነታችሁን የት እንዳሳለፋችሁ ካላወቀ ላያስበው ይችላል። "ያደግሁት ኢትዮጵያ ነው፣ ይህ ትል እንዳለብኝ ልመርመር" በሉት። አንድ የሰገራ ምርመራ ሊስተው ስለሚችል የደም ምርመራም አለ። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው።

የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒትም ይዘርዝሩ። የቲቢው ሪፋምፒሲን የፕሬድኒሶሎንን ጉልበት ይቀንሳል። ሪቶናቪር ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ደግሞ የብዙ ስቴሮይዶችን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከስቴሮይድ ጋር ሲገናኙ ጨጓራን ያቆስላሉ። ወገብዎን ሲያምዎ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ከመግዛትዎ በፊት ስቴሮይድ እየወሰዱ መሆኑን ይንገሯቸው።

4. አወሳሰዱን ያስተካክሉ

ማዘዣው "ፕሬድኒሶሎን 5 ሚ.ግ.፣ 8 ፍሬ ጠዋት ጠዋት" ይላል እንበል። ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። 8 ፍሬ በአንዴ! ከዚያ በራሱ ይከፋፍለዋል፤ 4 ጠዋት፣ 4 ማታ። እንዲህ አያድርጉ። 8 የሆነው ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ በድምሩ 40 ሚሊ ግራም ነው። ጠዋት የተባለው ደግሞ ሰውነት ራሱ ኮርቲዞሉን የሚለቀው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነው። ማታ የዋጡት እንቅልፍ ይነሳል፣ እጢዎችዎንም ይበልጥ ያስተኛል። ሐኪሙ ራሱ ከፍሎ ካላዘዘ በቀር ሁሉንም ቁርስ ላይ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከ1 እስከ 3 ባለው ጊዜ ይውሰዱ። ምግብ ይብሉበት።

ጾምስ? ሁዳዴን እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በባዶ ሆዱ 8 ፍሬ መዋጥ የለበትም። ጾሙን ሳይናገሩ መድኃኒቱን መዝለልም አይገባም። ለሐኪምዎ ይናገሩ፣ የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ። ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መላ አላት። ረመዳን ላይም ለታመመ ፈቃድ አለ። መጾም የሚችል ከሆነ መጠኑን ሱሑር ላይ መውሰድ ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። ስኳር ያለበት ሰው ግን በራሱ አይወስን።

ጠበል ለመግባት መድኃኒት የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። ለዚህ መድኃኒት ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ጠበሉን ይጠመቁ፣ ፍሬዎን ግን ይዘው ይሂዱ።

የቀኑን ፍሬ መዋጥ ከረሱ፣ በዚያው ቀን እንዳስታወሱ ይውሰዱ። በማግስቱ ከሆነ ያስታወሱት የማግስቱን ብቻ ይዋጡ፤ ደርበው አይውሰዱ። ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ በየቀኑ ስር የፍሬውን ቁጥር ይጻፉ፤ ሲውጡ ይሰርዙት። መጠኑ እየቀነሰ ሲሄድ ይህ ወረቀት ያለ ጥርጥር ይጠቅምዎታል።

5. ምን እንደሚያዩ ይወቁ፣ የትኛው እንደሚያስቸኩል ይለዩ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። እንቅልፍ እምቢ ይላል። አንዳንዱ ሰው በጣም ይነቃቃል፣ አንዳንዱ ይበሳጫል፣ ሆድ ይብሰዋል። ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ ጠባዩ ተለወጠ ብለው እንዳይቀየሙት። ከዚህ አልፎ የሌለ ድምፅ መስማት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ስኳር ይጨምራል። ጠዋት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ብቻ የሚለካ ሰው "ደህና ነኝ" ብሎ ሊሸወድ ይችላል። ከራት በፊትም ይለኩ።

በሳምንታትና በወራት ውስጥ ፊት ክብ ይላል፣ ሆድና አንገት አካባቢ ስብ ይጠራቀማል፣ ብጉር ይወጣል፣ ቆዳ ይሳሳል። መጠኑ ሲቀንስ ፊቱ ቀስ በቀስ ይመለሳል። በተለይ ወጣት ሴቶች መድኃኒቱን የሚያቋርጡት በዚህ የተነሳ መሆኑን ደጋግሜ አያለሁ። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መጠኑን ለመቀነስ ሐኪም ሊረዳቸው ይችል ነበር። የጭን ጡንቻም ይደክማል፤ ከዱካ ለመነሳት እጅን መደገፍ ሲጀምሩ ይናገሩ።

አጥንት መሳሳት በዝምታ የሚመጣ ነው። 3 ወርና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሐኪሙን ይጠይቅ። የጤፍ እንጀራ፣ ጎመንና ሰሊጥ በጾም ቀንም ካልሲየም ይሰጣሉ። በእግር መሄድ አጥንትን ያጠነክራል። ጨው ይቀንሱ። ብሽሽት ወይም ዳሌ ላይ አዲስ የማይለቅ ሕመም ከመጣ "ቁርጥማት ነው" ብለው አይለፉት፤ የዳሌ አጥንት ደም አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ልጆች ላይ ረጅም ሕክምና ዕድገትን ያዘገያል። ቁመታቸውን በየጊዜው ያስለኩ። ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ከያዘው ልጅ ጋር ከተገናኙ ሳይዘገዩ ለሐኪም ይደውሉ። የኩፍኝና የቢጫ ወባን የመሰሉ ሕያው ክትባቶች ከፍ ባለ መጠን ላይ ያለ ሰው አይወስድም። ካቆመም በኋላ ቢያንስ 1 ወር ይጠብቃል።

ወዲያው ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱት እነዚህ ናቸው፦ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ፣ ትኩሳት (ስቴሮይድ ትኩሳትን ሊሸፍን ስለሚችል ትንሿንም አይናቁ)፣ የእይታ መደብዘዝ፣ ያላቋረጠ ትውከት።

6. ፓፍ፣ ቅባትና ጠብታ ከሆነ

ፓፉ ትንሽ መጠን በቀጥታ ሳንባ ላይ ስለሚያደርስ ከፍሬው እጅግ የቀለለ ነው። ቤክሎሜታዞን ፓፍ በየቀኑ የሚነፋው ደህና ሲሆኑም ጭምር ነው። ሥራው አስሙ እንዳይነሳ መከላከል ነው። ይነቅንቁት፣ አየር ወደ ውጭ ያውጡ፣ በከንፈርዎ ይግጠሙት፣ ቀስ ብለው እየሳቡ ይጫኑ፣ 10 ሰከንድ ያህል ትንፋሽዎን ይያዙ። ከዚያ አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ። አለበለዚያ ምላስዎ ላይ ነጭ ፈንገስ ይወጣል። ለልጅ ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገጠም ባዶ ዕቃ) ካጡ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ታችኛው ላይ በፓፉ አፍ ልክ ቀዳዳ ያበጁ፣ ፓፉን አየር እንዳያሾልክ ይግጠሙ፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተንፍስ።

ስለ ቅባት ብዙ የምለው አለኝ። ክሎቤታዞልና ቤታሜታዞን ለችፌና ለሌሎች የቆዳ ቁጣዎች ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ለማቅላት ግን አይደሉም። መዋቢያ መደብር የሚሸጡ አንዳንድ "ማድያት አጥፊ" ቅባቶች ውስጥ ክሎቤታዞል አለ። ሌሎቹ ማሰሮ ውስጥ የተቀላቀሉ ናቸው፤ ምን እንዳለባቸው የሚያውቀው የቀላቀለው ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቱ ይጠራል፣ ይለሰልሳል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ ብጉር ይወረዋል፣ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ሲያቆሙት ፊት በርበሬ እንደነካው ይለበልባል። ሰው ማቃጠሉን ለማስታገስ ተመልሶ ይቀባዋል። እንዲህ ውስጥ የገባች እህት ካለች የሚያሳፍር ነገር የለም። ቅባቱን ይዛ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ጭርት ላይ አይቀቡ። ማሳከኩ ይተዋል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር እየሰፋ ይሄዳል። መጠኑን በጣት ይለኩ፦ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚወጣው ቅባት ሁለት መዳፍ ለሚያህል ቆዳ ይበቃል።

የዓይን ጠብታ ደግሞ ያስፈራኛል። ልጅ ዓይኑን እያሳከከው ሲቀላ ዴክሳሜታዞን ጠብታ በአንድ ቀን ያሽለዋል። ወላጅም ያንኑ ብልቃጥ ይዞ ለወራት እየገዛ ይጨምርለታል። በዚህ መሃል የዓይን ግፊት ያለ ሕመም እየጨመረ ነርቩን ይጎዳል። የጠፋው እይታ አይመለስም። ስቴሮይድ ጠብታ ያለ ዓይን ሐኪም ክትትል አይደገምም።

7. መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያቆሙት ከመጀመሪያው ቀን ያስቡበት

መድኃኒቱ ከውጭ በገፍ ሲመጣ አንጎል እጢዎቹን ማዘዙን ያቆማል። ከ3 ሳምንት በላይ ከቀጠለ እጢዎቹ ሥራቸውን ሊተዉ ይችላሉ። ያኔ ፍሬውን በድንገት ቢያቆሙ ሰውነት ኮርቲዞል የሚባል አያገኝም። ድካም፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም ይመጣል። ደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። መድኃኒት ቤት "አልቋል" ቢልዎ እንኳ ቀን አይዝለሉ፤ ፍሬው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይግዙ።

ስለዚህ መጠኑ በደረጃ ይቀነሳል። መጀመሪያ ላይ ፈጠን ይላል። በቀን ከ5 ሚሊ ግራም አካባቢ ሲደርስ ግን ዘገምተኛ መሆን አለበት፤ እጢዎቹ መንቃት ያለባቸው እዚያ ላይ ነው። ስንት ፍሬ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚቀንስ ሐኪሙ በጽሑፍ ይስጥዎ። ለጎረቤት የተጻፈው ለእርስዎ አይሆንም። ሲቀንሱ መገጣጠሚያ ቢቆረጥምዎ ወይም ቢደክምዎ በራስዎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አይቀያይሩ፤ ይደውሉ።

ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ትኩሳት ያለው በሽታ ሲይዘው መጠኑ ለጥቂት ቀናት ሊጨመርለት ይገባል። ስንት እንደሆነ ደህና ሳሉ አስቀድመው ይጠይቁ። ፍሬውን የሚያስመልስዎ ከሆነ ቤት አይቀመጡ፤ ሃይድሮኮርቲዞን መርፌ ያስፈልግዎታል። እንግሊዝ አገር ለዚህ የሚሆን የስቴሮይድ ድንገተኛ ካርድ ይሰጣል። እዚያ ያላችሁ ጠይቁና ያዙ። ካርድ በሌለበት አገር ወረቀት ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የተጀመረበትን ቀንና "በድንገት አይቆምም" የሚለውን ጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ያኑሩ።

የመጨረሻውን ፍሬ ከዋጡ በኋላም ወረቀቱን ወዲያው አይጣሉት። እጢዎቹ ሙሉ በሙሉ እስኪያገግሙ እስከ 1 ዓመት ሊወስድ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግዎ፣ አደጋ ቢደርስብዎ ወይም በጠና ቢታመሙ፣ "ስቴሮይድ ስወስድ ነበር፣ በዚህ ቀን አቆምኩ" ብለው ለሚያክምዎት ሰው ይንገሩ።